የሕንድ ፍልስፍና በየትኛው በር ገባ?

በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን ዓለም አቀፉ የዮጋ ቀን ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን የሰየመው በሕንድ ጠያቂነት በ2014 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀኑ በደረሰ ቁጥር የሚሰማው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ምዕራባውያን እንኳ የሕንድን መንፈሳዊ ጥበብ ተቀብለው በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩታል» ይላል። ሌላው «ባዕድ አምልኮ ነው እንጂ ምን ፍልስፍና አለው?» ብሎ ይመልሳል። ተቃዋሚዎች ቢመስሉም ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ግምት ነው፤ ከሕንድ የመጣ ሐሳብ ሁሉ መንፈሳዊ ነው ብለው ደምድመዋል።

ይህ ማብራሪያ ዮጋ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ወደሚለው አይገባም። የሚከተለው አንድ ነገር ነው፤ የሕንድ ሐሳብ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሄድ ከጓዙ ውስጥ የትኛው ገባ፣ የትኛው ደጅ ቀረ?

«የሕንድ ፍልስፍና» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሳንስክሪት ለዚህ የሚያገለግለው ቃል ዳርሻና ነው። ሥሩ «ማየት» ከሚለው ግስ ስለሆነ «አመለካከት» ብንለው አንሳሳትም። ቬዳ የተባሉትን ጥንታውያን ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቀበሉ ስድስት ዳርሻናዎች አሉ፤ ኒያያ፣ ቫይሼሺካ፣ ሳንክያ፣ ዮጋ፣ ሚማንሳ እና ቬዳንታ። ከእነዚህ ውጭ ቬዳን የማይቀበሉት ቡድሂስቶች፣ ጃይናዎችና ቻርቫካዎች ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቻርቫካዎች ነፍስም፣ ከሞት በኋላ ሕይወትም የለም ብለው በግልጽ ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። የሚማንሳ ሊቃውንት የቬዳን ሥርዓት ከማንም በላይ ሲጠብቁ ኖረው ዓለምን የፈጠረ አምላክ መኖሩን ግን አይቀበሉም። ማድሃቫ የተባለ የ14ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የዘመኑን ትምህርቶች አንድ በአንድ ሲያብራራ የጀመረው ከቻርቫካ ነው፤ ማለትም ከከሐዲዎቹ። ይህን የሚያክል የሐሳብ ልዩነት «መንፈሳዊ» በሚል አንድ ከረጢት መክተት ይከብዳል።

እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ትምህርቶች የመጨረሻ ግባቸው ሞክሻ ነው። ሞክሻ ማለት ከተደጋጋሚ ልደትና ሞት ዑደት ነፃ መውጣት ነው። ነገር ግን ግቡ ነፃነት ነው ማለት መንገዱ ክርክር አይደለም ማለት አይደለም።

ጽሑፎቹ የተሠሩበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ሱትራ የሚባለው ዋናው ንባብ እጅግ አጭር ነው፤ አንዳንዱ ከሦስትና ከአራት ቃላት አያልፍም። በቃል እንዲጠና የተዘጋጀ ስለሆነ ያለ መምህር አይፈታም። በእሱ ላይ ትርጓሜ ይጻፋል፤ በትርጓሜው ላይ ሌላ ትርጓሜ ይደረባል። የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ፣ «አንድም» እያለ ንባብ የሚያፍታታ መምህር የሰማ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሕንዶቹ ልማድ ለየት የሚለው ባላጋራን በጽሑፉ ውስጥ በማስቀመጡ ነው። ደራሲው አስቀድሞ የተቃዋሚውን ክርክር፣ ራሱ ተቃዋሚው ከሚያቀርበው ባላነሰ ጥንካሬ ያሰፍራል። መልሱን የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ አውሮፓ ማን አሻገረው?

የመጀመሪያው አሻጋሪ አውሮፓዊ አልነበረም፤ ያኔ ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ልዑል ነበር። ታጅ ማሃልን ያሠራው የንጉሥ ሻህ ጃሃን ልጅ ዳራ ሺኮህ፣ የሳንስክሪት ሊቃውንት ሰብስቦ ኡፓኒሻድ ከሚባሉት ጥንታውያን የቬዳ ክፍሎች ሃምሳውን ወደ ፋርስኛ አስመለሰ። ሥራው በ1657 ተጠናቀቀ። ልዑሉ ግን ብዙ አልቆየም። በ1659 ወንድሙ አውራንግዜብ ከሃይማኖት ወጥቷል በሚል አስገደለው፤ ከጀርባው የዙፋን ጥል ነበረበት።

መጽሐፉ ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። አንኬቲል ዱፔሮን የተባለ ፈረንሳዊ የፋርስኛውን ቅጂ አግኝቶ ወደ ላቲን መለሰውና በ1801 እና በ1802 አሳተመው። በ1814 አንድ የ26 ዓመት ጀርመናዊ ይህን ላቲን ማንበብ ጀመረ፤ አርቱር ሾፐንሃወር። ከሳንስክሪት ወደ ፋርስኛ፣ ከፋርስኛ ወደ ላቲን የተቀዳውን ነው እንግዲህ ያገኘው። በቡናችን ቋንቋ ብንናገር አቦሉና ቶናው ሌላ ቦታ ተጠጥቶ ለእሱ የደረሰው በረካው ነበር። በዚያ በረካ ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲምል ኖረ። የሕይወቴ መጽናኛ ነበር፣ የሞቴም መጽናኛ ይሆናል ብሎ ጽፏል። ውሻውንም «አትማ» ብሎ ጠርቶታል፤ አትማን በሳንስክሪት «ራስነት» ወይም «ነፍስ» ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የንግድ ኩባንያ መንገድ ነው። በ1785 ቻርልስ ዊልኪንስ የተባለ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ባጋቫድ ጊታ የተባለውን የሂንዱዎች ቅዱስ ግጥም በቀጥታ ከሳንስክሪት ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመ። ለትርጉሙ ድጋፍ የሰጠው የቤንጋሉ ገዢ ዋረን ሄስቲንግስ በመግቢያነት በታተመ ደብዳቤው ሁለት ነገር ጽፏል። አንደኛው፣ በጦር ድል የምንገዛውን ሕዝብ ማወቅ ለመንግሥት ይጠቅማል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የእንግሊዝ ግዛት ከሕንድ ከጠፋ ከረጅም ጊዜ በኋላም እነዚህ ጽሑፎች ይኖራሉ የሚል ነው። ገዢውና አድናቂው በአንድ ብዕር ጻፉ። ከዚያ በኋላ በተከተሉት አንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት የተሠራው የትርጉም ሥራ ይህ መንታ ጠባይ አልተለየውም።

በዚያው ዘመን የካልካታው ዳኛ ዊልያም ጆንስ ሳንስክሪት ከግሪክኛና ከላቲን ጋር እንደሚዛመድ በ1786 ባደረገው ንግግር አስታወቀ። ንግግሩ የዘመናዊ የቋንቋ ጥናት መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ልብ ይበሉ፤ የሕንድ ሊቃውንት ሥራ በምዕራቡ ዕውቀት ላይ ያለምንም ማጉረምረም ቦታ ያገኘው በዚህ በኩል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ፓኒኒ የሳንስክሪትን ሰዋስው ወደ አራት ሺህ በሚጠጉ አጫጭር ደንቦች አሥሮ ነበር። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮናርድ ብሉምፊልድ በ1933 ይህን ሥራ ከሰው ልጅ አእምሮ ታላላቅ ሐውልቶች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ሰዋስው ስለሆነ «መንፈሳዊ ነው» ብሎ ወደ ጎን የሚያደርገው አልተገኘም።

ታዲያ ፍልስፍናው ለምን ተገፋ?

ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ሄግል ላይ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ በበርሊን ሲያስተምር እውነተኛ ፍልስፍና የሚጀምረው ከግሪክ ነው አለ፤ የሕንዱ ሐሳብ ከሃይማኖት ገና ያልተለየ ነው ብሎ። ከእሱ በፊት የተጻፉ አንዳንድ የፍልስፍና ታሪኮች ግን ከግብፃውያን፣ ከፋርሶችና ከሕንዶች ይጀምሩ ነበር። ታሪኩን ከግሪክ መጀመር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ የሚመስለው ስለለመድነው ነው።

የሚያስቆጨው ማስረጃው በእጃቸው መኖሩ ነው። ሄንሪ ቶማስ ኮልብሩክ የተባለ ሌላ የኩባንያው ሰው ከ1823 ጀምሮ ለንደን ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አቀረበ። ስለ ኒያያ የክርክር ሕግ፣ ስለ ቫይሼሺካ የቁስ አካል ትምህርት፣ ስለ ሳንክያ በደረቅና በጥንቁቅ አጻጻፍ አስረዳ። ሄግል ራሱ እነዚህን አንብቦ ኋላ ላይ በተወሰነ ደረጃ አቋሙን አላልቷል። አንባቢው ዓለም ግን በኮልብሩክ አልተማረከም። የአመክንዮ ሕግ የሚፈልግ አውሮፓዊ አርስቶትል ነበረው። ከምሥራቅ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነበር፤ ምሥጢር።

በእኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። የሚንቁትም የሚያደንቁትም አንድ ዓይነት ሕንድ ሠሩ። የናቀው «ከሃይማኖት ያልወጣ ነው» አለ፤ ያደነቀው «ከአመክንዮ በላይ ነው» አለ። ሁለቱም ሙግቱን አላነበቡትም።

ዩኒቨርሲቲዎቹስ እንዴት ተቀበሉት?

በጎን በር። ጀርመን ውስጥ የቦን ዩኒቨርሲቲ በ1818 ለኦገስት ቪልሄልም ሽሌግል የሕንድ ጥናት ወንበር ሰጠ። ኦክስፎርድ ላይ ደግሞ ጆሴፍ ቦደን የተባለ ጡረተኛ የኩባንያው መኮንን ለሳንስክሪት ፕሮፌሰርነት ገንዘብ ተናዞ ሞተ። ኑዛዜው ዓላማውን አልደበቀም፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ሳንስክሪት ለመተርጎምና ሕንዶችን ወደ ክርስትና ለመመለስ ነው ይላል።

ወንበሩ በ1860 ክፍት ሲሆን ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንዱ ጀርመናዊው ማክስ ሙለር ነው፤ ከቬዳዎቹ አንዱን፣ ሪግ ቬዳን፣ እያሳተመ የነበረ፣ በአውሮፓ የታወቀ ሊቅ። ሌላው ሞኒየር ዊልያምስ ነው፤ እንግሊዛዊ፣ የሚስዮናውያንን ዓላማ በግልጽ የሚደግፍ። መራጮቹ ሳንስክሪት የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ የኦክስፎርድ ምሩቃን፣ ከእነዚያም ብዙዎቹ ቀሳውስት ነበሩ። ዊልያምስ በ833 ድምፅ ለ610 አሸነፈ። ሳንስክሪት ለማስተማር በተደረገ ምርጫ ላይ ክርክሩ የዕጩዎቹ ሃይማኖታዊ አቋም ነበር።

የተሸነፈው ሙለር ኦክስፎርድን አልተወም። በ1879 የጀመረው የምሥራቅ ቅዱሳት መጻሕፍት ተከታታይ ትርጉም 50 ቅጽ ደርሶ የተጠናቀቀው እሱ ከሞተ በኋላ በ1910 ነው። የተከታታዩ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል፤ «ቅዱሳት መጻሕፍት» ነው የሚለው። ሙለር አንድም ቀን ሕንድን አልረገጠም።

ስለዚህ የሕንድ ሐሳብ ምዕራብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አገኘ። ቋንቋ የሚማር ተማሪ ሰዋስውን ያነባል፤ ሃይማኖት የሚማር ተማሪ መዝሙሩንና ሥርዓቱን ያነባል። በአገናኝ መንገዱ ማዶ ያለው የፍልስፍና ክፍል ፕላቶንና ካንትን ማስተማሩን ቀጠለ።

ሕንዶቹ ራሳቸው ምን አሉ?

በ1893 ቺካጎ ላይ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለ የ30 ዓመት መነኩሴ ተናግሮ ታዳሚውን አስደነቀ። በ1896 ሃርቫርድ ሄዶ ለፍልስፍና ተማሪዎች ስለ ቬዳንታ አስረዳ። የአሜሪካው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ ያውቀው ነበር፤ በሥራዎቹም ጠቅሶታል። ቪቬካናንዳ ያቀረበው በተለይ አድቫይታ የሚባለውን የቬዳንታ ዘርፍ ነው። «አድቫይታ» ማለት «ሁለት ያልሆነ» ማለት ነው፤ የሰው ራስነትና ብራህማን የሚባለው የሁሉ መሠረት በመጨረሻው አንድ ናቸው የሚል ትምህርት።

ቀጥሎ የመጡት ሳርቬፓሊ ራድሃክሪሽናን በ1936 ኦክስፎርድ ላይ የምሥራቅ ሃይማኖቶችና ሥነ ምግባር ፕሮፌሰር ሆኑ። ኋላ የሕንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በ1965 አዲስ አበባን የጎበኙት እሳቸው ናቸው። ራድሃክሪሽናን አውሮፓውያን በሚያውቁት የፍልስፍና ቋንቋ የሕንድን ትምህርት አስረድተው ብዙ ንቀት ሰብረዋል። ይሁንና የሕንድ ፍልስፍና ዋና መለያ መንፈሳዊነቱ ነው የሚለውን ሐሳብ ይበልጥ ያጸኑትም እሳቸው ናቸው ተብለው ይወቀሳሉ። በቅኝ ግዛት ዘመን ይህ የራሱ ምክንያት ነበረው። «መድፍና ባቡር የእናንተ ነው፤ መንፈስ ግን የእኛ ነው» ማለት ለተገዛ ሕዝብ ትልቅ ክብር ነበር። ዋጋው ግን ኒያያን ወደ ጓሮ መግፋት ሆነ።

ይህን ፊት ለፊት የተናገረው ሕንዳዊው ዳያ ክሪሽና ነው። በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕንድ ፍልስፍና መንፈሳዊ ነው የሚለውን ከሦስት ተረቶች አንዱ ብሎ ቆጠረው። በመጻፍ ብቻ አልተወሰነም። በ1983 ፑኔ ከተማ ላይ በጥንታዊው መንገድ የተማሩ የሳንስክሪት ሊቃውንትና በእንግሊዝኛ የተማሩ የፍልስፍና መምህራን በአንድ ጉባኤ እንዲገናኙ አደረገ። የእንግሊዙ በርትራንድ ራስል ሐሳቦች ወደ ሳንስክሪት ተተርጉመው ለሊቃውንቱ ቀረቡላቸው፤ እነሱም በኒያያ ሕግ ተከራከሩባቸው። ያን ያህል ዘመን ሲጠና የኖረው ወገን ለአንድ ጊዜ መርማሪ ሆኖ ተቀመጠ።

ጭስ ያየ ሰው እሳቱን ያውቃል?

እስካሁን «ሙግቱ ደጅ ቀረ» ስንል ቆይተናል። ሙግቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ ካልታየ ነገሩ ባዶ ቃል ይሆናል።

ኒያያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንዴት አወቅህ?» ብሎ ነው። ዕውቀት የሚገኝበት መንገድ ፕራማና ይባላል። ኒያያ አራት መንገዶችን ይቀበላል፤ በዓይንና በጆሮ መረዳት፣ ካዩት ተነስቶ ያላዩትን መድረስ፣ በማመሳሰል መለየት እና የታማኝ ሰው ቃል። ቻርቫካ የመጀመሪያውን ብቻ ይቀበላል። የቡድሂስት አመክንዮ ሊቃውንት ሁለቱን ብቻ ይላሉ። በዚህ ቁጥር ላይ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተሟግተዋል።

የኒያያ የታወቀው ምሳሌ ይኸውና። መንገደኛ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ጭስ ያያል። ለጓደኛው በአምስት እርምጃ ያስረዳዋል። «ኮረብታው ላይ እሳት አለ። ጭስ ይታያልና። ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ፤ ማድ ቤትን ተመልከት። ይህም ኮረብታ እንደዚያው ጭስ አለው። ስለዚህ እሳት አለበት።» አርስቶትልን ያነበበ ሰው ከአምስቱ ሁለቱ ትርፍ ናቸው ማለቱ አይቀርም፤ ብዙ አውሮፓውያንም ብለዋል። ነገር ግን ይህ ቀመር ክፍሉን ዘግቶ ለብቻው ለሚያስብ ሰው የተሠራ አይደለም። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ተከራካሪ የተሠራ ነው። ማድ ቤቱ የተጠራው ሁለቱም ገብተው ስለሚያውቁት ነው።

ክርክሩንም ራሱን በሦስት ይከፍሉታል። እውነትን ለማግኘት የሚደረግ አለ፤ ለማሸነፍ የሚደረግ አለ፤ የራስን ሐሳብ ሳያቀርቡ የሌላውን ለማፍረስ ብቻ የሚደረግም አለ። የጥንቱን የ«በላ ልበልሃ» ችሎት ወግ ከአያቶቹ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ለመረዳት አይቸገርም። ሦስተኛውን ለመረዳት ደግሞ ስልኩን መክፈት ይበቃዋል።

አሁን ወደ 1963 እንምጣ። ኤድመንድ ጌቲየር የተባለ አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር የሦስት ገጽ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ በምዕራብ በስፋት ተቀባይነት የነበረው የዕውቀት ትርጉም ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፤ ነገሩ እውነት መሆን አለበት፣ ሰውየው ማመን አለበት፣ ለማመኑም በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ጌቲየር ሦስቱም ተሟልተው ዕውቀት የማይባል ሁኔታ እንዳለ አሳየ። የዘርፉ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል።

በስምንተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቡድሂስት ሊቅ ዳርሞታራ ይህን ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። ሥጋ ለመጥበስ እሳት ተለኩሷል። ገና ጭስ አላወጣም። የሥጋው ሽታ ግን ዝንቡን ሰብስቦታል። ከሩቅ ያለ ሰው ከቦታው በላይ የሚርመሰመሰውን ጥቁር ነገር ጭስ መስሎት «እዚያ እሳት አለ» ይላል። እሳት በእርግጥ አለ። ሰውየው አምኗል። ምክንያትም አለው። ታዲያ ዐወቀ እንበል?

በ12ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሽሪሃርሻ የተባለ የቬዳንታ ሊቅ ሌላ ጨመረ። አንድ ሰው ዛጎሎች በእጁ ጨብጦ «ስንት ናቸው?» ይላል። ሌላው ዝም ብሎ «አምስት» ይላል፤ አምስት ሆነው ይገኛሉ። ሽሪሃርሻ ይህን ያመጣው የኒያያን የዕውቀት ትርጉም ለማፍረስ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ጋንጌሻ ተነስቶ ኒያያን እንደ አዲስ ገነባው፤ የእሱ ትምህርት «አዲሱ ኒያያ» ይባላል። መናኝ በተራራ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየው ራእይ አይደለም ይህ። ሰው ከሰው ጋር የሚያደርገው፣ መልስ የሚሰጥበት፣ የሚሸነፉበት ሙግት ነው።

እነዚህን ሥራዎች ይዞ በፊተኛው በር የገባው ቢማል ክሪሽና ማቲላል ነው። ካልካታ ላይ በባህላዊው ትምህርት የአመክንዮ ሊቅነት ማዕረግ አግኝቷል፤ ሃርቫርድ ላይ የዶክትሬት ትምህርቱን ጨርሷል። በ1971 ለሕንድ ፍልስፍና የሚሆን መጽሔት መሠረተ፤ ከ1976 ጀምሮ እስከሞተበት 1991 ድረስ ኦክስፎርድ ላይ ራድሃክሪሽናን ተቀምጠውበት የነበረውን ወንበር ያዘ። የሕንድ ፍልስፍና ክርክር የሌለበት ምሥጢር ተደርጎ መታየቱን አምርሮ ይቃወም ነበር። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሕንዶች ተቀመጡ፤ አንደኛው መንፈሱን አሳየ፣ ሁለተኛው ሙግቱን።

በዚሁ ሰሞን የምዕራብ ፈላስፎች «የሰው ቃል»ን እንደ ዕውቀት ምንጭ መመርመር ጀመሩ። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። የተወለዱበትን ቀን በምን ያውቃሉ? እናትዎ ነግረውዎት ነው። እርስዎ አላዩትም፣ በስሌትም አልደረሱበትም። ብቻውን የሚያስብ ሰውን መነሻ ያደረገው የአውሮፓ ፍልስፍና ይህን ለረጅም ጊዜ ችላ ብሎት ኖሯል። ኒያያ ከጥንት ጀምሮ በአራተኛ ቁጥር አስፍሮት ነበር።

ጋሪው የት አለ?

ሌላ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ የሁለቱ ዓለማት ግንኙነት በቅኝ ግዛት እንዳልተጀመረ ስለሚያሳይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ሜናንደር የሚባል የግሪክ ዘር ንጉሥ ነበር። ሕንዶች ሚሊንዳ ይሉታል። ናጋሴና ከተባለ የቡድሃ መነኩሴ ጋር ያደረገው ንግግር በፓሊ ቋንቋ ተጽፎ ቆይቷል።

ንጉሡ ስሙን ሲጠይቀው መነኩሴው «ናጋሴና ይሉኛል፤ ነገር ግን ስም ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚገኝ ሰው የለም» ይለዋል። ንጉሡ ይስቃል፤ ታዲያ ልብሱን የሚለብሰው፣ ምግቡን የሚበላው ማን ነው? መነኩሴው በጥያቄ ይመልሳል። ንጉሡ የመጣው በሠረገላ ነው። ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም። ወንበሩ ነው? አይደለም። ታዲያ ሠረገላው የት አለ? ንጉሡ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ «ሠረገላ» የሚል ስም ይሰጣቸዋል ለማለት ይገደዳል። ሰውም እንዲሁ ነው ይለዋል መነኩሴው።

በ1984 የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት ስለ ሰው ማንነት በጻፈው ታላቅ ሥራ ከሞላ ጎደል ወደዚህ ደረሰ፤ ከአካልና ከተያያዙ ሐሳቦች በቀር ተጨማሪ «እኔ» የሚባል ነገር የለም አለ። በመጽሐፉ መጨረሻም የቡድሂስት ጽሑፎችን ጠቅሶ ቡድሃ ይስማማ ነበር ሲል አከለ። የጠቀሰው ግን በአባሪ ነው። ቦታው የተለመደው ቦታ ነው።

ዛሬ የት ደረሰ?

በሁለት አቅጣጫ እየሄደ ነው። አንደኛው የሕክምናና የአእምሮ ጥናት አቅጣጫ ነው። በ1979 ጆን ካባት ዚን ማሳቹሴትስ ውስጥ በሕክምና ትምህርት ቤት ከቡድሂስት ተመስጦ የተቀዳ ሥልጠና ለሕሙማን ጀመረ። ሃይማኖታዊ ቃላቱን አውጥቶ ጭንቀትን ለመቀነስ የሚረዳ ልምምድ አድርጎ አቀረበው። ዛሬ በሆስፒታሎችና በትላልቅ ኩባንያዎች ተስፋፍቷል። ትችቱም አብሮ መጥቷል፤ ፍላጎትንና «እኔነት»ን ለመመርመር የተሠራ ልምምድ ሠራተኛ ሳይደክም እንዲያመርት ማገልገሉ ለብዙ ቡድሂስቶች አይዋጥም።

ሁለተኛው የፍልስፍና ክፍሎች ጉዳይ ነው። በ2016 ጄይ ጋርፊልድ እና ብራያን ቫን ኖርደን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ፕሮፌሰሮች በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲዎች የሌላውን ዓለም ፍልስፍና ለማስተማር ፈቃደኛ ካልሆኑ ስማቸውን አስተካክለው «የአውሮፓና የአሜሪካ ፍልስፍና ክፍል» ይበሉ አሉ። ተቆጥተው የመለሱ ብዙ ነበሩ። ፍልስፍና በግሪክ የተጀመረ አንድ ውይይት ስም እንጂ የጥልቅ ሐሳብ ሁሉ ስም አይደለም የሚል መልስ ተሰጠ። በሌላ አነጋገር ሄግል ገና አልተቀበረም።

ከሕንድ በኩል ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ማን ይተርጉመው? አማኙ «እኔ የምኖርበትን እምነት የውጭ ሰው እንደ ሬሳ ይበልተዋል» ይላል። ምሁሩ «ማመን የመመርመር ቅድመ ሁኔታ አይደለም» ይላል። በ2014 አንድ ትልቅ አሳታሚ የአሜሪካዊቷን የሳንስክሪት ምሁር የዌንዲ ዶኒገርን መጽሐፍ በክስ ሳቢያ ከሕንድ ገበያ ለመሰብሰብ ተስማምቷል። ነገሩ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ የፖለቲካ ጥያቄ ከሆነ ቆይቷል።

ወደ እኛስ ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል፤ ያውም ከኦክስፎርድ ቀድሞ። በ1553 የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም፣ ከየመን መጥተው ከእስልምና ወደ ክርስትና የተመለሱት ሊቅ፣ አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ዘመኑ የዐፄ ገላውዴዎስ ነበር። መጽሐፉ በረላም እና ይዋሴፍ ይባላል። ታሪኩ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ በተወለደ ጊዜ ጠቢባን ዓለምን ይንቃል ብለው ይናገራሉ፤ አባቱ ሕመምና ሞት እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። አንድ ቀን ልጁ ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል። በመጨረሻም መንግሥቱን ትቶ ይመንናል።

ይህ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነስቶ በመካከለኛው እስያ በኩል ባግዳድ ገባና ዐረብኛ ተናገረ፤ ከዚያ በጆርጅያኛና በግሪክኛ ክርስቲያን ሆነ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን ሰዎች በቅዱሳን መዝገቧ አስገብታቸው ነበር። መንገዱን ያጋለጠው ስሙ ነው። በሳንስክሪት ለቡድሃነት የሚታጨው ሰው ቦዲሳትቫ ይባላል። ዐረብኛ ላይ ቡዳሳፍ ሆነ። በዐረብኛ በቃል መነሻ ላይ «ብ» ከሥሩ አንድ ነጥብ አለው፤ «ይ» ሁለት ነጥብ። አንድ ጸሐፊ አንድ ነጥብ ጨመረና ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ተባለ። በግሪክ ዮአሳፍ፣ በግዕዝ ይዋሴፍ።